ለጎልማሳ አንባቢ የሚሆን የቢኤል ማንጋ ጥቆማ፦ የአንድ ክር ውሎ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን ውይይት፣ የከፈትሁት አንድ ጥያቄና አንድ አቋም ይዤ ነው። በጃፓን «ቢኤል» በሚል አጭር ስም ከሚታወቁት፣ የሁለት ወንዶችን ፍቅር ከሚተርኩት ማንጋዎች (የጃፓን የሥዕል ታሪኮች) ውስጥ፣ ገጸ ባሕርያቱ ከትምህርት ቤት የወጡ፣ ሥራ የሚውሉና የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች የሆኑባቸውን ሥራዎች ተሳታፊዎች ከራሳቸው ንባብ እንዲጠቁሙኝ ጠየቅሁ። አቋሜ ደግሞ «ልብ ይነካል» ወይም «ሥዕሉ ያምራል» ብሎ የሚያበቃ ጥቆማ ለማንም አይረባም የሚል ነበር። ጠቋሚ ሦስት ነገር ሊነግረን ይገባል፤ የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜ፣ ታሪኩ ያለቀ ወይም ያላለቀ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንደኛው «አይሆንም» ሲል ሌላኛው ምን እንደሚያደርግ። የመጨረሻውን ያጠበቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘርፉ በአብዛኛው ሴቶች ለሴት አንባቢዎች የሚሥሉት ሲሆን፣ በቆዩት ሥራዎች ውስጥ ማስገደድን የፍቅር መግቢያ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነበር። አዲስ አንባቢ ማንም ሳያስጠነቅቀው ከእነዚህ በአንዱ ቢጀምር ዘርፉን በሙሉ ጠልቶት ሊቀር ይችላል። ምላሾቹን ከነቁጥራቸው እያነሣሁ ፍሬ ነገራቸውን አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

1ኛው ምላሽ ሰላምታውን በወጉ ካስቀደመ ተሳታፊ የመጣ ሲሆን ጥቆማውም የፉሚ ዮሺናጋ «ትናንት ምን በላህ?» ነበር። ሦስቱንም ጥያቄዎቼን በተርታ መለሰ። ሺሮ የተባለው ጠበቃና ኬንጂ የተባለው ፀጉር አስተካካይ ታሪኩ ሲጀምር ሁለቱም አርባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሥራው ከ2007 ጀምሮ እየወጣ ከ20 ቅጽ በላይ ደርሷል፤ ገጸ ባሕርያቱም ከአንባቢው ጋር እኩል ዕድሜ ይቆጥራሉ። ማስገደድ የሚባል ነገር የለበትም፤ ቅያሜው ሁሉ ስለ ወጪ፣ ስለ ወላጆች፣ እንዲሁም ኬንጂ በሥራ ቦታው ሳይሸሽግ የሚኖረውን ሕይወት ሺሮ በመሥሪያ ቤቱ ስለሚደብቀው ነው። ተሳታፊው አብዝቶ የወደደው የሺሮን ቁጥብነት ነበር። ሰውየው የሁለቱን የወር አስቤዛ በ25,000 የን ሊወስን ይታገላል፣ ከሥራ እንደወጣ የሱፐርማርኬት ቅናሽ ሲያሳድድ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሐብሐብ ስለበዛበት ከማያውቃት የቤት እመቤት ጋር ለሁለት ተካፍሎ ይገዛል፤ ከሴትየዋ ጋር የተጀመረው ወዳጅነትም በተከታዮቹ ቅጾች ይዘልቃል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ዮሺናጋ የወጥ ቤቱን ሥራ የምትሥልበትን መንገድ ነው። ሺሮ ሦስት አራት ምግብ በአንድ ጊዜ ሲያሰናዳ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚጣድ፣ የቱ እስኪፈላ ድረስ የቱ እንደሚከተፍ፣ ድስቱ መቼ እንደሚወርድ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከዚያ ኬንጂ ይገባና ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ፊቱ ይበራል። የፍቅር ንግግር ሳይሰማ ምዕራፉ ያልቃል።

2ኛው ምላሽ ጨዋነቱን ሳይለቅ እርማት አቀረበ። ሥራው የሚወጣው «ሞርኒንግ» በተባለው፣ ለጎልማሳ ወንዶች በሚታተም ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በመሆኑ፣ በጃፓኖች አከፋፈል ቢኤል ሊባል እንደማይችል አስረዳ። በጃፓን የማንጋ ዘርፍ የሚለየው ከይዘቱ ይልቅ በመጽሔቱና መጽሔቱ በሚያነጣጥርበት አንባቢ ነውና እርማቱ ልክ ነው። ሆኖም ዮሺናጋ ያደገችው በቢኤል ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቆማው ክሩ ውስጥ መቆየት እንዳለበት ተከራከርሁ፤ 2ኛውም አልተቃወመም።

3ኛው ምላሽ የዩኪ ፉሚኖን «ሂዳማሪ ጋ ኪኮኤሩ» ጠቆመ። ምላሹን የጻፈችው አሜሪካ የምትኖር፣ መስማት የሚያስቸግራት ተሳታፊ ነች። በማንጋው ውስጥ ኮሄይ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ መስማት እየተሳነው የመጣ ሲሆን፣ ታይቺ የተባለው ድምፀ ጎላ ልጅ የኮሄይ እናት የምታዘጋጀውን ምሳ እየበላ በለውጡ የመምህሩን ትምህርት ይጽፍለታል። ተሳታፊዋ እርሷም በኮሌጅ ዘመኗ ማስታወሻ የሚይዝላት ሰው ተመድቦላት እንደነበር ጠቅሳ፣ ሰዎች ከእርሷ ጋር ማውራት ሲደክማቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ሠዓሊዋ በትክክል እንደያዘችው መሰከረች። ኮሄይ ሰዎች እንዳይቸገሩበት ብሎ ቀድሞ ዝም ማለትን መርጧል፤ ታይቺ ግን አልሰማሁህም ሲለው ሳይሰለች፣ ሳይለሳለስም ደግሞ ይነግረዋል። ከክሩ ምላሾች ሁሉ እጅግ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚሆን ተናግሯልና።

በ4ኛው ምላሽ ነገሩ መላላት ጀመረ። ተሳታፊው ሁኔታዎቼን ያነበበ አይመስልም፤ የናትሱኪ ኪዙን «ጊቨን» እንዳነብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አዘዘኝና ሄደ። 5ኛው ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ሰው ጊዜያችንን እንደሚያባክን ቆጣ ብሎ ጻፈ፤ ዋናዎቹ ማፉዩና ሪትሱካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መሆናቸውንም አከለበት። 6ኛው ምላሽ ግን 4ኛውን ሊያድነው መጣ። ታሪኩ በሚያጠነጥንበት የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ካሉት አራት ሰዎች ሁለቱ፣ ሃሩኪና አኪሂኮ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች መሆናቸውን፣ ከመካከለኞቹ ቅጾች አንሥቶ ታሪኩ ወደ እነርሱና አኪሂኮ ሊለየው ወዳልቻለው የቀድሞ ፍቅረኛው ኡጌትሱ እንደሚዞር፣ ሥራውም በ2013 ተጀምሮ በ2023 በ9 ቅጽ መጠናቀቁን አስረዳ። በዚያ ክፍል ውስጥ አኪሂኮ ሃሩኪን የሚጎዳበት አንድ ሌሊት እንዳለ ሳይሸሽግ ነገረን። ሥራው ያንን ሌሊት እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ፍቅር እንደማይቆጥረው የ6ኛው አስተያየት ነበር፤ እኔ ሠዓሊዋ በዚያ ቦታ ቶሎ ይቅር ያለች ይመስለኛል።

7ኛው የሳጋን ሳጋንን «ኦልድ ፋሽን ካፕኬክ» በአጭሩ አቀረበ። የ39 ዓመቱ ኖዙዌ አለቃ፣ የ29 ዓመቱ ቶጋዋ የበታቹ ነው፤ ሕይወቱ የደበዘዘበትን አለቃ ቶጋዋ ወጣት ሴቶች ወደሚያዘወትሯቸው የኬክ ቤቶች እየወሰደ ነፍስ ይዘራበታል። አጭርና ቀለል ያለ፣ ለአንድ ምሽት የሚበቃ ነው።

ጸቡ የተነሣው በ8ኛው ምላሽ ነው። ተሳታፊዋ የሹንጊኩ ናካሙራን «ጁንጆ ሮማንቲካ» ጠቁማ፣ የ2008ቱ አኒሜ (ከማንጋው የተሠራው የካርቱን ፊልም) ከዘርፉ ጋር ያስተዋወቃት በመሆኑ ክፉውን መስማት እንደማትፈልግ አስቀድማ አስጠነቀቀች። 9ኛው ማስጠንቀቂያውን ከምንም አልቆጠረውም። የ28 ዓመቱ ደራሲ እንዲያስጠናው የመጣውን የ18 ዓመት ልጅ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ ፈቃዱ እንደሚነካው፣ ልጁ እምቢ ማለቱም እንደ ቀልድ እንደሚታለፍ ጠቅሶ፣ እንዲህ ያለውን ለጀማሪ መጠቆም ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ነው ሲል ፈረደ። ፍርዱ ቢስማማኝም አጻጻፉ አልተስማማኝም፤ ሥራውን መንቀፍ አንድ ነገር ነው፣ የወደደችውን ሰው ማዋረድ ግን ሌላ ነው። 8ኛዋ ተመልሳ በልጅነቷ ያነበበችውን ዛሬ በሌላ ዓይን እንደምታየው፣ ይሁን እንጂ ያኔ በእንግሊዝኛ ከምታገኛቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ስለነበር ውለታውን እንደማትክድ ረጋ ብላ ጻፈች።

10ኛው ምላሽ ረጅሙ ነበር፤ ጸሐፊው የዘርፉን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነው። ክርክራችን በጃፓን አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት እስከ 1970ዎቹ ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ኬይኮ ታኬሚያና ሞቶ ሃጊዮ የተባሉት ወጣት ሠዓሊዎች በቶኪዮ ኔሪማ አንድ ቤት ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ ሃጊዮ በ1974 በጀርመን አዳሪ ትምህርት ቤት የሚካሄደውን «የቶማስ ልብ» ስታወጣ፣ ታኬሚያ ደግሞ ለዓመታት ከአርታኢዎች ጋር ስትሟገት ቆይታ በ1976 «ካዜ ቶ ኪ ኖ ኡታ»ን በልጃገረዶች መጽሔት ላይ ማስጀመር ቻለች። በ1978 «ጁኔ» የተባለው መጽሔት ሲመሠረት ዘርፉ የራሱን ቤት አገኘ። ጸሐፊው የታኬሚያን ሥራ እንደ ታሪክ ብቻ እንዳነበው፣ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ግፍ በግልጽ ስላለበት ለመዝናኛ እንደማይጠቁመው አስታወቀ፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከዚያ ወደ ነጥቡ ገባ። በ1992 ማሳኪ ሳቶ የተባለ፣ እርሱ ራሱ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ጸሐፊ «ሾዋዚር» በተባለች አነስተኛ የሴቶች መጽሔት ላይ እነዚህን ማንጋዎች በብርቱ ወቀሰ፤ ሴቶች የእርሱን መሰል ሰዎች ሕይወት ለራሳቸው መደሰቻ ይሥሉታል፣ እውነተኛውን ሰው ግን አያዩትም የሚል ነበር ክሱ። ለዓመታት የዘለቀ ክርክር ተከተለ፤ አንዳንድ ሴት አንባቢዎች ቢኤል የሚናገረው ስለ ሴቶች የራሳቸው ፍላጎትና ፍርሃት እንጂ ስለ እውነተኛ ወንዶች አይደለም ብለው ሲከላከሉ፣ ሌሎች ክሱን ተቀብለው አጻጻፋቸውን መረመሩ። 10ኛው ዛሬ ስለ ፈቃድና ስለ አክብሮት የሚጨነቁ ሥራዎች መብዛታቸውን ከዚያ ክርክር ጋር አያያዘው። ድርሻ እንዳለው አምናለሁ፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አይመስለኝም፣ አንባቢዎቹም አብረው አድገዋልና።

11ኛው ምላሽ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጸሐፊው ይህ ርዕስ በአማርኛ መነሣቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ ከእምነታችንና ከባህላችን ጋር እንደማይሄድ፣ ድርጊቱም በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል መሆኑን አስታውሶ ክሩ እንዲዘጋ ጠየቀ። 12ኛው አወያዩ ነበር። ውይይቱ በመጻሕፍት ላይ እስከሆነ ድረስ እንደማይዘጋ፣ ርዕሱን የማይወድ ሰው ማለፍ እንደሚችል፣ ተሳታፊዎችም ስማቸውንና የሚኖሩበትን ቦታ እንዳይጽፉ አሳሰበ። ሁለት ሦስት ሰዎች በዚያ ላይ ሊጨቃጨቁ ሞክረው አወያዩ መልእክቶቻቸውን አነሣቸው።

ከ10ኛው ክስ ተነሥቶ 13ኛው የገንጎሮ ታጋሜን «ኦቶቶ ኖ ኦቶ» አስተዋወቀ፤ ርዕሱ «የወንድሜ ባል» ማለት ነው። ይህም ከ2014 እስከ 2017 በወንዶች መጽሔት ላይ ወጥቶ በ4 ቅጽ ያለቀ በመሆኑ ቢኤል አይደለም፤ ነገር ግን ሳቶ የጎደለ ያለውን ይሞላል። ልጁን ብቻውን የሚያሳድገው ያይቺ፣ በካናዳ የሞተበትን መንትያ ወንድሙን ባል ማይክን በቤቱ ያስተናግዳል። ያይቺ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ሳይሆን ግን እንግዳውን በልቡ ይሸሸዋል፣ ትንሿ ልጁ ካና ደግሞ የመጣላትን አጎት እንዳለ ተቀብላ አባቷ መልስ ያላዘጋጀላቸውን ጥያቄዎች ትደረድርበታለች። በ2018 የጃፓኑ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ በድራማ ሲሠራው ማይክን የተጫወተው ከኢስቶኒያ የመጣው የቀድሞው የሱሞ ታጋይ ባሩቶ መሆኑን 13ኛው ለማስደነቅ ነገረን፤ ተሳክቶለታልም።

14ኛው ምላሽ ወደ 1ኛው ተመለሰና ክሩን ወደ ወጥ ቤት ወሰደው። ጠያቂዋ ከሺሮ ምግቦች መካከል ለጾም የሚሆኑትን ማወቅ ፈለገች። 15ኛው የአትክልቶቹ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ችግር እንደሌለው ሲያረጋግጥላት፣ 16ኛው ዳሺ የሚባለው መረቅ ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ስለሚወጣ ነገሩ እንደማይቀልል አሳሰበ። ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ቢኤልን ሁሉም ረስቶ አረፈ። ነገሩን የቋጨው 17ኛው ነው፤ የጃፓን የቡድሂስት ገዳማት ሥጋና ዓሣ ስለማይጠቀሙ መረቃቸውን ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ እንደሚያወጡ፣ በዚያ የተሠራ ምግብ ለሁሉም ወገን እንደሚስማማ ገለጸ። ያላነሣሁት ጥያቄ ቢሆንም መልሱን ያዝሁት።

18ኛው ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ እንዳስቸገረው ሲያማርር፣ 19ኛዋ በእስራኤል ያደገች በመሆኗ የዕብራይስጥ መጽሐፍ በዚያው በኩል ስለሚከፈት አንዳች እንግዳ ነገር እንዳልሆነባት መለሰችለት፤ ከዚያም ወደ ርዕሱ ተመልሳ የካኦሪ ትሱሩታኒን «ሜታሞርፎዜ ኖ ኤንጋዋ» አቀረበች። በ5 ቅጽ ያለቀው ይህ ሥራ ራሱ ቢኤል ሳይሆን ስለ ቢኤል አንባቢዎች ነው። ባሏ የሞተባት የ75 ዓመቷ ኢቺኖይ ሙቀት ሸሽታ መጽሐፍ ቤት ትገባና ሽፋኑ ያማረ ማንጋ ታነሣለች፤ ቤቷ ሄዳ ስትከፍተው ሁለት ወንዶች ልጆች ይሳሳማሉ። አትጥለውም፤ ተከታዩን ፍለጋ ትመለሳለች፣ እዚያ የምትሠራው የ17 ዓመቷ ኡራራም በምሥጢር የዚሁ ዘርፍ ወዳጅ ናትና ይገጥማሉ። አንድ ቦታ ላይ አሮጊቷ የምትወደው ማንጋ በቅጽና በቅጽ መካከል የሚወስደውን ጊዜ ይዛ፣ በቀረው ዕድሜዋ ስንት ቅጽ ማንበብ እንደምትችል ታሰላለች። ያንን ገጽ ካነበብሁ ወዲህ የሚዘገዩ ሠዓሊዎችን መውቀስ አስቸግሮኛል፤ ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች አንጻር ግን ወቀሳው ይበልጥ ትክክል ይሆናል።

20ኛው የኮ ዮኔዳን «ሳኤዙሩ ቶሪ ዋ ሃባታካናይ» ጠቆመ፤ ሦስቱንም ጥያቄዎች ሳይሸሽ የመለሰ ሌላ ሰው። ጎልማሶች ናቸው፤ ያሺሮ የያኩዛ (የጃፓን የወንበዴ ቡድን) አለቃ፣ ዶሜኪ ደግሞ ፖሊስነቱን አጥቶ ጠባቂው የሆነ ሰው ነው። ከ2011 ጀምሮ የወጣና አካሄዱ እጅግ ዝግተኛ የሆነ ሥራ ነው። ማስገደድን በተመለከተ ያሺሮ በልጅነቱ የደረሰበት ጥቃት የመላው ታሪክ ቁስል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ነገር የሚያሳምመው አንባቢ እንዳይነካው መከረ። ይህን ሥራ ከ8ኛዋ ጥቆማ የሚለየው ይኸው ነው፤ ግፉ ከዚህም የከፋ ቢሆንም ማንም እንደ ቀልድ አያልፈውም።

መጨረሻ ላይ የት እናግኛቸው የሚለው ጥያቄ መጣ። 21ኛው አድናቂዎች ያለ ፈቃድ ተርጉመው የሚለቁትን የሚያነብ ሰው ሁሉ ሌባ እንደሆነ በደፈናው ተናገረ፤ በእንግሊዝኛ «ሰብላይም» የሚባለው የቪዝ ሚዲያ ክፍል ዘርፉን በሕጋዊ መንገድ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክም ስለሚሸጥ ምክንያት የለም ባይ ነው። 22ኛው ከአዲስ አበባ እንደሆነ ብቻ ጠቅሶ፣ የውጭ ክፍያ የሚቀበል የባንክ ካርድ የሌለውን ሰው ሌባ ከማለት በፊት እንዴት እንደሚከፍል ማሳየት እንደሚቀድም በምሬት መለሰ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ሠዓሊዎቹ ከሽያጩ የሚኖሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ የ22ኛው ችግርም እንዲሁ እውነት ነው።

ከጥቆማዎቹ የራሴን ዝርዝር አውጥቼ ለጠፍሁ። ለጀማሪ ጎልማሳ አንባቢ «ትናንት ምን በላህ?»ን፣ ቀጥሎ «ሂዳማሪ ጋ ኪኮኤሩ»ን፣ ከዚያ «ኦልድ ፋሽን ካፕኬክ»ን አስቀደምሁ፤ የዮኔዳን ሥራ ከነማስጠንቀቂያው በስተመጨረሻ አኖርሁት፣ ማንም ያልጠቀሰውን የኦሪ ሚታን «ቦኩራ ኖ ሾኩታኩ»ም ራሴ ጨመርሁበት። ይህ በአንድ ቅጽ የሚያልቅ ሲሆን፣ ከሰው ጋር ማዕድ መቁረስ የሚከብደው ዩታካ የተባለ የቢሮ ሠራተኛ ታኔ ለሚባል ሕፃን የሩዝ ድብልብል አሠራር ሲያስተምር ሚኖሩ ከተባለው የልጁ ታላቅ ወንድም ጋር ይቀራረባል። 23ኛው ምላሽ በዝርዝሩ ላይ ወዲያው ተነሣ። ያላለቀ ሥራን በአንደኛ ደረጃ ማስቀመጤ ክሩን ስከፍት ካወጣሁት መስፈርት ጋር ይጋጫል ብሎ ከሰሰኝ። ማለቅ አለማለቁ ይነገረን እንጂ ያላለቀ አይጠቆም አላልሁም፤ የዮሺናጋ ምዕራፎችም እያንዳንዳቸው እራት ቀርቦ ሲበላ የሚዘጉ በመሆናቸው አንባቢ የትም ቢያቆም የሚንጠለጠልበት ነገር የለም ብዬ መለስሁለት። 23ኛው ክርክሩን አልተቀበለም፤ «ጊቨን» ከነሌሊቱ ቢቀድም ይሻል ነበር ባይ ነው። ዝርዝሩ እንዳለ ነው።